የ14 ዓመት ልጄ በጥርሷ ቀለም ምክንያት አፏን ሸፍና መሳቅ ጀምራለች

እናት ከመተሐራ (ውይይቱን የከፈተች)

ጤና ይስጥልኝ። ልጄ 14 ዓመቷ ነው፤ ዘንድሮ 9ኛ ክፍል ገብታለች። ተወልዳ ያደገችው መተሐራ ሲሆን፣ ባለቤቴ የሥራ ዝውውር በማግኘቱ በክረምቱ ጓዛችንን ጠቅልለን አዲስ አበባ ገብተናል። የጥርሷ ቀለም ቡናማ ነው፤ በተለይ የላይኞቹ ሁለት የፊት ጥርሶቿ መሐላቸው ላይ ጠቆር ያለ አግድም መስመር አላቸው። መተሐራ ሳለን ይህ ነገር በቤትም ሆነ በትምህርት ቤት ተነሥቶ አያውቅም፤ አብረዋት ይማሩ የነበሩት ልጆች የአብዛኞቹ ጥርስ እንዲሁ ነው፣ የአባቷም እንዲሁ ነው። እኔ ግን ደብረ ብርሃን አድጌ በትዳር ወደዚያ የሄድኩ በመሆኔ ጥርሴ ነጭ ነው፤ ልጄም ይህን ልብ ብላዋለች።

አዲሱ ትምህርት ቤት በገባች ሰሞን አንዲት የክፍሏ ልጅ ሌሎች እየሰሙ «ጥርስሽን አትቦርሺም እንዴ?» ብላ ጠየቀቻት። በክፋት ይሁን በየዋህነት ለመፍረድ ይቸግረኛል። ልጄ ግን ከዚያ ወዲህ ስትስቅ አፏን በመዳፏ ትከድናለች፤ መልሱን እያወቀችው እንኳ ክፍል ውስጥ እጇን እንደማታወጣ መምህሯ ነግራኛለች። ለመታወቂያ ጉርድ ፎቶ ስትነሣ ከንፈሯን አጥብቃ ገጥማ ስለነበር ፎቶው ላይ የተቆጣች ትመስላለች። ስልኳ ላይ ያሉት ፎቶዎች ደግሞ በሙሉ ጥርስ በሚያነጣ ፊልተር የተነሡ ናቸው። ጠዋትና ማታ ድዷ እስኪደማ ትቦርሻለች፤ ባለፈው እሑድ መታጠቢያ ቤቱ መስኮት ላይ በሲኒ የተበጠበጠ ሎሚና ቤኪንግ ሶዳ አገኘሁ።

«ቆንጆ ነሽ፣ ማንም ልብ አይለውም» ስላት «ታዲያ በእኔ ጥርስ ትቀይሪኛለሽ?» አለችኝ። ለዚህ ምን ተብሎ እንደሚመለስ አላውቅም። አባቷ በበኩሉ የራሱን ጥርስ ገልጦ «እኔ ምን ጎደለብኝ?» ይላታል፤ እርሱ ይህን ባለ ቁጥር ክፍሏ ገብታ በሯን ትዘጋለች። ሊጠይቁን የሚመጡ ዘመዶችም ቡና እየጠጡ፣ እርሷ ቁማ እያስተናገደቻቸው፣ «መልኳ እንዲህ አምሮ ጥርሷ ባይበላሽ ኖሮ» ማለት ይቀናቸዋል።

ጥያቄዬ ሁለት ነው። በዚህ ዕድሜዋ ሕክምና ልወስዳት ይገባል ወይስ እስክትበስል መጠበቅ ይሻላል? እስከዚያውስ ቤት ውስጥ ምን ብለን እናናግራት?

አባት ከሐዋሳ

እህቴ፣ ጭንቀትዎ ይገባኛል፤ የሦስት ጎረምሶች አባት ነኝ። ሆኖም እኔ የምመክርዎ ነገሩን ከልክ በላይ እንዳያገዝፉት ነው። በዚህ ዕድሜ ያለ ልጅ ዛሬ ስለ ጥርሱ፣ ነገ ስለ ብጉሩ፣ ከነገ ወዲያ ስለ ቁመቱ ሲጨነቅ ይከርማል፤ ወላጅ ለእያንዳንዱ ጭንቀት ሐኪም ፍለጋ ከወጣ ልጁ የሚማረው ነገር ቢኖር መልክ ከሁሉ በላይ እንደሆነ ነው። ለዚህ የሚወጣው ገንዘብ ለአጋዥ መጻሕፍት ቢውል ይሻል ይመስለኛል። አባቷ ያሉትም ስሕተት የለበትም፤ በዚያው ጥርስ ተምረው፣ አግብተው፣ ቤተሰብ መሥርተዋል።

የጥርስ ሐኪም ከአዳማ

በስምጥ ሸለቆ ከተሞች ስለምሠራ ይህ ጥያቄ ከብዙ ወላጆች ይቀርብልኛል። ከአስቸኳዩ ልጀምር፤ ሎሚውን ዛሬውኑ ያስቁሙት። የሎሚ አሲድ ኢናሜል የሚባለውን የጥርስ ልባስ ያሟሟል፣ አንዴ የሟሟ ልባስ ደግሞ ተመልሶ አይበቅልም። የከሰል ዱቄት፣ አመድና አሸዋም ልባሱን ይፍቁታል። ከሁሉ የከፋው በረኪና ነው፤ ድድንና ጉሮሮን ያቃጥላል፤ እንዲህ ያለውን ምክር በስልካቸው አይተው የሞከሩ ልጆች ወደ እኛ ስለሚመጡ ቤት ውስጥ ያለውን የበረኪና ዕቃ ራቅ አድርገው ቢያስቀምጡት መልካም ነው።

አሁን ወደ መንስኤው ልለፍ፤ ምክንያቱም ልጅዎ ከማንም በፊት ማወቅ የሚገባት ይህንን ነው። የጥርሷ ቀለም ቆሻሻ አይደለም፣ ካለመቦረሽም የመጣ አይደለም። የዲንታል ፍሎሮሲስ ምልክት ነው። በስምጥ ሸለቆ የከርሰ ምድር ውሃ ከእሳተ ገሞራ በተሠሩ ዐለቶች ውስጥ ሲያልፍ ፍሎራይድ የተባለውን ማዕድን ያሟሟል፤ ውሃው ካልሲየም ያነሰው ስለሆነ ፍሎራይዱ ተጣብቆ አይቀርም፣ ሟሙቶ ይቆያል። የዓለም ጤና ድርጅት ለመጠጥ ውሃ ያስቀመጠው መጠን በሊትር 1.5 ሚሊ ግራም ሲሆን፣ በአካባቢያችን ከዚህ በብዙ እጥፍ የሚበልጥ ጉድጓድ ሞልቷል። ይህን ውሃ የሚጠጣ ሕፃን ቋሚ ጥርሶቹ ገና ድድ ውስጥ ሳሉ፣ ልባሳቸው እየተሠራ ባለበት ጊዜ ይጎዳሉ። የፊቶቹ ጥርሶች ልባስ 4 ወይም 5 ዓመት አካባቢ ተሠርቶ ያልቃል፤ የቀሩትም ከጥበብ ጥርስ በስተቀር እስከ 8 ዓመት ይጠናቀቃሉ። እርስዎ በጎልማሳነት መተሐራ ገብተው ያንኑ ውሃ ሲጠጡ ጥርስዎ ነጭ ሆኖ የቆየውም ለዚህ ነው። ልጅዎ ይህን ስታውቅ በእርስዎና በእርሷ መካከል ያለው ልዩነት የንጽሕና ወይም የዕድል ሳይሆን የዕድሜና የቦታ መሆኑን ትረዳለች።

ወደ ኋላ መለስ ብለው ያስታውሱ ይሆናል፤ 7 ዓመት ገደማ እነዚያ ጥርሶች ሲወጡ ፈዘዝ ያለ ነጭ እንጂ ቡናማ አልነበሩም። ልባሱ ከላይኛው ሥሥ ሽፋን ሥር ብዙ ረቂቅ ቀዳዳ ስላለው ከወጣ በኋላ ነው ቀስ በቀስ ከምግብና ከመጠጥ ቀለም የሚይዘው። ስለዚህ ቡሩሽም ሆነ መፋቂያ አያስለቅቀውም፤ አጥብቃ መቦረሿ የሚጎዳው ድዷን ብቻ ነው። ለስላሳ ቡሩሽ ይግዙላት፤ ፍሎራይድ ያለበትን የጥርስ ሳሙና ግን አያስቁሟት፣ ጥርሷ ተሠርቶ ስላለቀ ከመበስበስ ይጠብቃታል እንጂ ቀለሙን አይጨምርም።

ለሕክምናው 14 ዓመት ገና አይደለም። ቀላሉ መንገድ ማይክሮአብሬዥን ይባላል፤ መጠኑ የተወሰነ አሲድ ከደቃቅ የድንጋይ ዱቄት ጋር ተቀላቅሎ የልባሱ የላይኛው ክፍል፣ ከአንድ ሚሊ ሜትር አንድ አሥረኛ ገደማ፣ በጥንቃቄ ይፋቃል። (ሎሚ ከልክዬ አሲድ ማዘዜ እንግዳ እንዳይሆንብዎ፤ ልዩነቱ ያለው በመጠኑ፣ በጊዜው፣ ድዱ ተሸፍኖ በመሠራቱና የሚሠራው እጅ በመሠልጠኑ ነው።) ቀለሙ ጠለቅ ያለ ከሆነ በሐኪም ክትትል የሚደረግ ማንጣት ይጨመራል፤ ጥርሱ የተቦረቦረ ከሆነ ደግሞ ኮምፖዚት በተባለ የጥርስ ቀለም ባለው መሙያ ይለበጣል። አንድ ነገር ብቻ አጥብቄ እላለሁ፤ ጥርሱን ሞርደን ክራውን (ጥርሱን በሙሉ የሚሸፍን ሰው ሠራሽ ልባስ) ልናለብሳት እንችላለን የሚል ቢያጋጥምዎ አይቀበሉ። በዚህ ዕድሜ የጥርሱ ነርቭ ያለበት ክፍል ሰፊ ነው፣ ድዱም ገና ቦታውን አልያዘም፤ እንዲህ ያለው ሥራ ቢያንስ እስከ 18 ዓመት መቆየት አለበት።

የወንጂ ልጅ

የሐዋሳውን ወንድሜን በአክብሮት ልቃወማቸው። እኔ ተወልጄ ያደግኩት ወንጂ ነው። አያቴ በሸንኮራ እርሻው ላይ ይሠሩ ነበር፤ ፋብሪካው በሆላንዱ ኩባንያ በኤች ቪ ኤ ተሠርቶ እ.ኤ.አ. በ1954 ማምረት ከጀመረ በኋላ ከየአገሩ ለሥራ የመጣው ሕዝብ ልጆቹን ያሳደገው በዚያው የጉድጓድ ውሃ ነው። በአያቴ ላይ ነገሩ ከጥርስ አልፎ አጥንት ገብቶ ነበር፤ ከኋላቸው ሲጠሯቸው አንገታቸው ስለማይታጠፍ መላ አካላቸውን ነበር የሚያዞሩት። ስለዚህ «የጥርስ ቀለም ነው፣ ምን ይሆናል» የሚለው አነጋገር ለእኛ ሰፈር ሰው አይዋጥም። አንድ ውሃ በልጅ አካል ላይ ያደረሰውን ነገር ልጁ የመልክ አባዜ እንደያዘው አድርጎ ማየት ፍትሐዊ አይመስለኝም።

እንደ ልጅዎ ሁሉ እኔም ቤቴ ሳለሁ ጥርሴን አላውቀውም ነበር ማለት ይቻላል፤ ያወቅኩት ለዩኒቨርሲቲ ጅማ ስሄድ ነው። ከዚያ በኋላ የተማርኩትን የመሸሸጊያ ዘዴ ብዛት ብነግርዎ ይገርምዎታል። የላይኛውን ከንፈር ወደ ታች ስቦ መናገር ይለመዳል፤ «ፈ» እና «ቨ» ግን ጥርስን ስለሚገልጡ እነርሱ ያሉባቸውን ቃላት ፈጠን አድርጎ ማለፍ ያስፈልጋል። የቡና ሲኒ ከአፍ ሳይርቅ በእጅ መቆየት አለበት። ቀልድ በሚቀለድበት ቦታ ጫፍ ላይ መቀመጥ ይመረጣል፤ ሲሳቅ ዞር ለማለት ያመቻል። ይህን ሁሉ የሚያደርግ ልጅ ስለ መልኩ የሚያስበው ጊዜ ስለተረፈው አይደለም፣ አእምሮው ከትምህርቱ ላይ ተነሥቶ እዚያ ስለዋለ ነው። አጋዥ መጽሐፍ ቢገዛለትም የሚያነበው እጁን አፉ ላይ አድርጎ ነው።

ከቤተሰቤ የጠቀመኝን ከጠየቁኝ፣ አንድ አጎቴ የኬሚስትሪ መምህር ነበር፤ ወረቀት ላይ ሥሎ ልክ ሐኪሙ ከላይ እንደጻፉት አስረዳኝ፣ ከዚያ ወዲያ ሰው ሲጠይቀኝ የምመልሰው ነገር አገኘሁ። የጎዳኝ ደግሞ የአክስቶቼ ማዘን ነበር። ስድብ ቢሆን ተሳድቤ አልፈው ነበር፤ «ውይ የኔ ልጅ» የሚል ሰው ግን እንዴት ይመለስለታል? ስለዚህ እህቴ፣ እነዚያን ቡና ጠጪ ዘመዶችዎን እርሷ በሌለችበት ጠርተው ዳግመኛ እንዳያነሡት በግልጽ ይንገሯቸው። ልጅቱ ፊት አይከራከሯቸው፤ ክርክሩም ቢሆን ስለ እርሷ ጥርስ ነውና።

ከአውሮራ፣ ኮሎራዶ

የምኖረው ኮሎራዶ በመሆኑ ይህን ሳነብ ዝም ማለት አልቻልኩም፤ የዚህ ጥርስ ታሪክ ለዓለም የተገለጠው ከእኛ ደቡብ በምትገኘው በኮሎራዶ ስፕሪንግስ ከተማ ነው። እ.ኤ.አ. በ1901 ፍሬደሪክ ማኬይ የተባለ ወጣት የጥርስ ሐኪም እዚያ ሥራ ሲጀምር የአገሬው ተወላጆች ጥርስ ቡናማ ሆኖ አገኘው። በመጻሕፍት ቢፈልግ አጣ፤ ነዋሪዎቹም እያንዳንዳቸው የየራሳቸው ግምት ነበራቸው፣ የአሳማ ሥጋ ነው የሚል ነበር፣ ወተቱ ነው የሚል ነበር። ማኬይ ዓመታት ፈጅቶ ሁለት ነገር አረጋገጠ፤ ልጅ ሳይሆን በዕድሜ ገፍቶ የመጣ ሰው አይያዝም፣ የተያዘው ጥርስ ደግሞ ከሌላው ይልቅ መበስበስን ይቋቋማል። በ1920ዎቹ በአይዳሆ ክፍለ ሀገር ኦክሊ በምትባል ትንሽ ከተማ የሚኖሩ ወላጆች ከፍል ውሃ ምንጭ አዲስ ቧንቧ ከተሳበ ወዲህ የልጆቻቸው ጥርስ እንደተለወጠ ነገሩት፤ ቧንቧውን ተዉት አላቸው፣ ተዉት፣ ከዚያ በኋላ ያደጉት ልጆች ጥርስ ደህና ሆኖ ወጣ። ፍሎራይድ መሆኑ የታወቀው ግን በ1931 የአንድ የአሉሚኒየም ኩባንያ ኬሚስት ውሃውን ሲመረምር ነው። ለልጅዎ ይህን ቢነግሯት መልካም ነው፤ «የናዝሬት ጥርስ» እየተባለ የሚቀለድበት ነገር በአሜሪካ ተራራ ሥር ባሉ ነጮችም አፍ ውስጥ እንደነበረ ማወቅ ለ14 ዓመት ልጅ ቀላል ነገር አይደለም።

ልጄ እዚህ ብሬስ (የጥርስ ማስተካከያ ሽቦ) ሲታሰርለት ያየሁትን አንድ ነገር ልጨምር። ሐኪሟ ወንበሩን ዝቅ አድርጋ በልጁ ትይዩ ተቀመጠችና «ከጥርስህ የሚያስጨንቅህ የትኛው ነው?» ብላ ጠየቀችው። እኔ ልመልስ አፌን ስከፍት በእጇ ምልክት ዝም አሰኘችኝ። ልጁ ያሳየው እኔ አስቤው የማላውቀውን፣ በስተ ግራ ያለውን አንድ ሹል ጥርስ ነበር። በአገራችን ሐኪሙ ከእናት ጋር፣ እናት ከሐኪሙ ጋር ይነጋገራሉ፤ አፉ የተከፈተው ልጅ ይሰማል። ሐኪም ሲመርጡ ልጅዎን ማን እንደሚያናግራት ይመልከቱ።

አባት ከሐዋሳ

ሁሉንም አንብቤአለሁ፤ የወንጂው ወንድማችን የጻፉት በተለይ ከብዶኛል። ይሁን እንጂ ሥጋቴ አሁንም አለ። ሕክምናው ተደርጎ ጥርሷ ቢነጣ፣ ልጅቱ «ተቀባይነት ያገኘሁት ስለነጣልኝ ነው» ብትልስ? የሚቀጥለው ጉድለት ሲመጣ ምን ልትሆን ነው?

የትምህርት ቤት አማካሪ

የአባት ከሐዋሳ ጥያቄ ተገቢ ነው፤ መልሱ ግን ሕክምናውን በመከልከል የሚገኝ አይመስለኝም። እ.ኤ.አ. በ1967 ዴቪድ ኤልካይንድ የተባለ አሜሪካዊ የሥነ ልቦና ባለሙያ አፍላ ወጣቶች ዘወትር ተመልካች ፊት የቆሙ ያህል እንደሚሰማቸው ጽፎ ነበር፤ ተመልካቹ በአብዛኛው በምናባቸው ያለ ነው። ልጅዋን «ማንም አያይሽም» ማለት የማይሠራው ለዚህ ነው፣ ለእርሷ ሁሉም ያያታል። በዚህች ልጅ ላይ ደግሞ ከተመልካቾቹ አንዷ በእርግጥ አፍ አውጥታ ጠይቃታለች፤ ስለዚህ እናት ቀለሙ እንደማይታይ ስትናገር የምታጣው የልጇን እምነት ነው። «አዎ፣ ይታያል፤ ምክንያቱም ይህ ነው፤ ሊደረግ የሚችለው ደግሞ ይህ ነው፤ መወሰን ያንቺ ነው» የሚል ንግግር ከምስጋና ሁሉ ይልቅ ያሳርፋታል። ለ«ትቀይሪኛለሽ» ጥያቄም «አልቀይርም፣ አንቺም እንዳልመረጥሽው አውቃለሁ» ብሎ እውነቱን መናገር የሚከፋ አይመስለኝም።

ሕክምናው እስኪደርስ ወይም ከነጭራሹ ላለመታከም ብትወስን፣ የምትመልሰው አንድ አጭር ዐረፍተ ነገር ያስፈልጋታል። ተማሪዎቼን የማለማምደው «ያደግኩበት አገር ውሃ ፍሎራይድ ስላለበት ነው» ብለው ወዲያው ወሬውን ወደ ሌላ እንዲያዞሩ ነው፤ ይህን ቤት ውስጥ ጮክ ብላ ደጋግማ ብትለው ክፍል ውስጥ ድምፅዋ አይንቀጠቀጥም። ከክፍል ኃላፊዋ ጋር መነጋገር ይቻላል፤ መምህሯ ግን በልጅቱ ስም ለክፍሉ ምክር እንዳትሰጥ አስቀድመው ያስጠንቅቋት፣ እንዲህ ያለው በጎ ፈቃድ ያልሰማውን ሁሉ ያሰማል። ስለ ውሃና ስለ ማዕድን በሳይንስ ክፍለ ጊዜ በአጠቃላይ ቢነሣ ግን ጉዳት የለውም።

አባቷን በተመለከተ፣ «እኔ ምን ጎደለብኝ» ከሚሏት ይልቅ በእርሷ ዕድሜ ሳሉ ሰው ምን ብሏቸው እንደነበረ ቢነግሯት ይሻላል። ምንም ካልተባሉ ደግሞ፣ ሁሉም አንድ ዓይነት ጥርስ በነበረበት ቦታ ማደጋቸው ከእርሷ ሁኔታ እንደሚለይ አምነው ይንገሯት።

ጥንቃቄ የሚያሻው ቦታም አለ። መስታወት ፊት በየቀኑ ሰዓታት የምታጠፋ፣ ከትምህርት ቤት የምትቀር፣ ምግብ ከሰው ጋር መብላት የምትተው፣ ወይም ጥርሷ ከተስተካከለ በኋላ ጭንቀቱ ሳይቀንስ ወደ ሌላ የአካል ክፍል የሚዛወርባት ከሆነ ጉዳዩ የጥርስ ሐኪም ብቻ አይደለም፤ የአእምሮ ጤና ባለሙያ ልታይ ይገባል። አባት ከሐዋሳ የሚሠጉበትን የምንለየው በእነዚህ ምልክቶች ነው። እናት እስካሁን ከጻፉት ውስጥ እጅ አለማውጣቷ ያሳስበኛል፤ የቀረው በዕድሜዋ የሚጠበቅ ነው።

እናት ከመተሐራ

እግዚአብሔር ይስጥልኝ። የሐኪሙን ጽሑፍ ልጄ ራሷ እንድታነበው ስልኬን ሰጠኋትና ከክፍሉ ወጣሁ። ምንም አላለችኝም፤ ማታ ግን ቡሩሹን ቀስ አድርጋ ስትይዝ ሰማሁ፣ ሎሚውም አልተደገመም። ባለቤቴም አንብቧል፤ እንደ ጠበቅኩት ተቆጥቶ ሳይሆን ዝም ብሎ ነው የዋለው። ዘመዶቹን እርሱ እንደሚያናግራቸው ነግሮኛል፤ የእርሱ ወገን ስለሆኑ እንደዚያ ይሻላል።

አንድ ሌላ ጥያቄ ተነሥቶብኛል፤ ያነሣችውም ልጄ ናት። ታናሽ ወንድሟ 3 ዓመቱ ነው፣ አያቱ ዘንድ መተሐራ ይመላለሳል፣ መጪውን ክረምትም እዚያ ሊያሳልፍ ታስቧል። ውሃውን አፍልተን ብንሰጠው ይበቃል?

የውሃ ባለሙያ

ማፍላት ጀርም ይገድላል እንጂ ፍሎራይድ አያስወግድም፤ እንዲያውም ውሃው በተነነ ቁጥር የቀረው እየጠነከረ ይሄዳል። ለተቅማጥ የሚሸጡት የውሃ ማከሚያ መድኃኒቶችና ተራ የሸክላ ማጣሪያዎችም አይቀንሱትም። ፍሎራይድን የሚይዘው የተቃጠለ የእንስሳት አጥንት ከሰል ያለበት ማጣሪያ ነው፤ አንዳንድ ቤተሰብ በጾም ምክንያት ይከብደዋል፣ ይህ በማኅበረሰቡ ውስጥ በግልጽ መነጋገር የሚያስፈልገው ነገር ነው። የሕንዷን የናልጎንዳ ከተማ ስም የያዘው ዘዴ ደግሞ አሉምና ኖራ ጨምሮ ማጥለል ነው፤ መጠኑ በትክክል ካልተለካ ግን አይመከርም።

መተሐራ ያሉት አያት ውሃቸው ከየት እንደሚመጣ ይጠይቁ፤ ከወንዝ ተጣርቶ የሚመጣና ከጉድጓድ የሚወጣ በአንድ ከተማ ውስጥ እንኳ በጣም ይለያያል። የበሰቃ ሐይቅ አካባቢ ጉድጓድ ከሆነ ለሕፃን አይስጡት። እርግጠኛ ካልሆኑ ክረምት በመሆኑ ከንጹሕ ቆርቆሮ ጣሪያ የተጠራቀመ የዝናብ ውሃ ፍሎራይዱ ዝቅተኛ ነው፤ ይህኛውን ግን ማፍላት ይገባል። ብዙ ሰው የሚዘነጋው፣ ለመጠጥ ሌላ ውሃ ገዝቶ አጥሚቱን፣ ሾርባውንና ወጡን በጉድጓዱ ውሃ መሥራቱን ነው። ሻይም በራሱ ፍሎራይድ አለበት፤ ለ3 ዓመት ልጅ ባይሰጥ ይመረጣል። ሲታጠብበትና ሲጫወትበት ግን ችግር የለም።

እናት ከመተሐራ

ልጁ ክረምቱን እኛው ዘንድ ያሳልፋል፤ አያቱ እዚህ ቢመጡ ይቀላል። ለልጄ ደግሞ የሚመጣው ቅዳሜ ቀጠሮ ልንይዝ ነው። ወስና ነው የተነሣችው፤ ሐኪሙን ልጠይቅ ብላ ደብተሯ ላይ ሁለት ጥያቄ ጽፋለች። አንደኛው ያማል ወይ የሚል ነው። ሁለተኛው አንዱ ጥርስ ነጥቶ ሌላው ቡናማ ሆኖ ይቀራል ወይ የሚል ነው። አባቷ እንዳይመጣም ጠይቃለች፤ እርሱም እሺ ብሏል።

የጥርስ ሐኪም ከአዳማ

ሁለቱም ጥሩ ጥያቄዎች ናቸው፤ ሐኪሟ አፏን ካየ በኋላ የሚሰጣት መልስ ይበልጣል፣ እኔ በአጠቃላይ ልበል። ማይክሮአብሬዥን ብዙውን ጊዜ መርፌ አያስፈልገውም። ድዷን የሚከልል ሥሥ ላስቲክ ይደረግላታል፤ የላስቲኩ ጠርዝ ጥርሷን ሊጫናት ይችላል፣ ሕመሙ ግን ከዚያ አያልፍም። ከዚያ በኋላ ለጥቂት ቀናት ቀዝቃዛ ውሃ ሊወጋት ይችላል። ለአንድ ሁለት ቀን ቡና፣ ሻይና ቀይ ወጥ ብትተው ይመከራል፤ ልባሱ በዚያ ሰሞን ቀለም ይስባል።

ስለ ልዩነቱ፣ ስትስቅ የሚታዩት ከላይ ያሉት ስድስቱ የፊት ጥርሶች ስለሆኑ አብዛኛውን ጊዜ የሚሠራው እነርሱ ላይ ነው። ሐኪሙ መጀመሪያ አንዱን ብቻ ሠርቶ በመስታወት እንዲያሳያት ትጠይቀው፤ ውጤቱን ካልወደደችው እዚያው ማቆም ትችላለች። ቡናማው ሲለቅ ከሥሩ ነጫጭ ነጠብጣብ ጎልቶ ሊታይ እንደሚችልና ሁሉም ቀለም ላይጠፋ እንደሚችል አስቀድማ ብታውቅ ይሻላል፤ በስልክ ፊልተር እንደምታየው አንድ ወጥ ነጭ አይሆንም። የተቦረቦረ ቦታ ካለ በኋላ የሚሞላ ነው።

ከመጀመሩ በፊት ለማነጻጸር የጥርሷ ፎቶ ይነሣል። ፎቶው ለማን እንደሚታይ ትጠይቅ፤ ለማስታወቂያ ወይም ለማስተማሪያ እንዳይውል ከፈለገች ይህን ለሐኪሙ የምትናገረው እርሷ ትሁን፣ እርስዎ አጠገቧ መቀመጥዎ ይበቃል። ቅዳሜ ከሆነ የጠዋቱን ሰዓት ይምረጡ፤ ከሰዓት በኋላ ወረፋው ስለሚበዛ ለጥያቄዎቿ ጊዜ አይገኝም።